የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ልጆችን ይዞ አውሮፓን በባቡር ማየት

በዚህ ዕትም የምናስተናግዳቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከሰሜን ሸዋ የተላኩ ናቸው። ሦስቱም የሚጠይቁት በክረምቱ የትምህርት ዕረፍት፣ በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ልጆችን ይዞ ከአንድ በላይ የአውሮፓ አገሮችን በባቡር ስለማየት ነው። ከደብረ ብርሃን የደረሰን ደብዳቤ ብዙ ጉዳይ ስለሚያነሣ ሰፊውን ቦታ ለእርሱ ሰጥተናል።

ጥያቄ

ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። ጤና ይስጥልኝ። ነዋሪነቴ ደብረ ብርሃን ሲሆን የ16 ዓመት ወንድና የ13 ዓመት ሴት ልጆች አሉኝ። ፍራንክፈርት የምትኖረው እህቴ በመጪው ክረምት ልጆቹን ይዤ እንድጠይቃት ጋብዛኛለች። ባለቤቴ ሥራውን ጥሎ መሄድ ስለማይችል የምንጓዘው ሦስታችን ብቻ ነን። ከሄድን አይቀር ብለን በ18 ቀን ውስጥ ጀርመንን፣ ኔዘርላንድን፣ ቤልጅየምን፣ ፈረንሳይን፣ ስዊዘርላንድንና ጣሊያንን በባቡር ለማየት አስበናል። ልጄ የእንግሊዝ ኳስ ወዳጅ ስለሆነ ከፓሪስ ለንደን ደርሰን እንመለስ እያለ ይወተውተኛል። አንዳንዱ ሰው ሁሉንም ባቡር የሚያሳፍር ፓስ ግዢ ይለኛል፤ ሌላው ደግሞ ትኬቱን ለየብቻ መቁረጥ ይረክሳል ይላል። ልጆቼ ከአዲስ አበባው ቀላል ባቡር በቀር ባቡር ተሳፍረው አያውቁም። ከየት ልጀምር?

አንዲት እናት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣ የጉዞው ቅርጽም፣ የሚነሡበት ቀንም፣ ትኬት የሚገዙበት ጊዜም በቪዛው ላይ ስለሚመሠረት ከቪዛው ይጀምሩ። የጠቀሷቸው ስድስት አገሮች፣ የአውሮፓ ኅብረት አባል ያልሆነችው ስዊዘርላንድ ጭምር፣ በአባላቱ መካከል ያለውን የድንበር ቁጥጥር ባስቀረው በሼንገን ስምምነት የታቀፉ በመሆናቸው አንድ ቪዛ ለሁሉም ይበቃል። ይሁን እንጂ የኅብረቱ ምክር ቤት፣ ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎችን በመመለስ ረገድ ከኢትዮጵያ በቂ ትብብር አላገኘሁም በሚል ምክንያት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ፣ ለኢትዮጵያውያን ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ መስጠትን አስቀርቷል፤ ማመልከቻ ለመመርመር የተቀመጠውንም መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አሳድጎታል። እንግዲህ በእጅዎ የሚገባው ቪዛ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ነውና፣ በመካከል ከሼንገን ክልል ከወጡ ቀን ቢተርፍዎትም ተመልሰው መግባት አይችሉም።

የልጅዎ የለንደን ሐሳብ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ከፓሪስ ለንደን ዩሮስታር በሚባለው ፈጣን ባቡር የሁለት ሰዓት ከሩብ ያህል መንገድ ቢሆንም፣ እንግሊዝ ከሼንገን ውጭ ናት፤ የራሷን ቪዛ ትጠይቃለች፤ ወደ ፓሪስ የሚያስመልስ መብትም አይኖራችሁም። ይህንን ለልጁ ከነምክንያቱ አሁኑኑ ይንገሩት። የ16 ዓመት ልጅ «አይሆንም» ብቻ ሲባል ያኮርፋል፤ ሕጉን አይቶ ራሱ ሲረዳው ግን ሌላ አማራጭ ለመፈለግ ይነሣል። መንገዳችሁ በሚላን በኩል ስለሚያልፍ የሳን ሲሮን ስታዲየምና ሙዚየሙን ሊጎበኝ ይችላል።

ማመልከቻው የሚቀርበው ብዙ ቀን ለምትቆዩበት አገር ኤምባሲ፣ ወይም ኤምባሲው ለወከለው የማመልከቻ ተቀባይ ነው። ቀናቱ እኩል ከሆኑ መጀመሪያ የምትገቡበት አገር ይታያል። እናንተ ረዘም ላለ ጊዜ ከእህትዎ ዘንድ ስለምትሰነብቱ ጉዳዩ የጀርመን ኤምባሲ ይሆናል፤ እህትዎም በምትኖርበት ከተማ ካለው የውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮ ወጪያችሁን የምትሸፍንበትን የኃላፊነት መውሰጃ ሰነድ ልታወጣላችሁ ትችላለች። ክፍያው ከ12 ዓመት ጀምሮ እንደ አዋቂ ስለሚታሰብ ለእያንዳንዳችሁ 90 ዩሮ ነው። በዚሁ ዕድሜ የጣት አሻራ መስጠትም ግዴታ ስለሆነ ሁለቱም ልጆች በአካል አብረዋችሁ አዲስ አበባ መውረድ አለባቸው። የጉዞ መድኑ ለመላው ሼንገን የሚያገለግልና ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን ይገባዋል። ፓስፖርታችሁም ከመመለሻችሁ ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግልና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆኑን ዛሬውኑ ያረጋግጡ።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እናቶች በተለይ የሚነገር ነገር አለ። በፓስፖርትዎ ላይ የተጻፈው የእርስዎ አባትና አያት ስም ነው፤ በልጆችዎ ላይ ያለው የባለቤትዎና የባለቤትዎ አባት ስም ነው። ልጅ የቤተሰብ ስም በሚወርስበት አገር ያለ የድንበር ሹም ሦስታችሁን ጎን ለጎን ሲያይ አንድም የሚያመሳስላችሁ ስም ስለማያገኝ፣ እናት መሆንዎን የሚያሳይ ወረቀት ቢጠይቅ ሊያስደንቅዎ አይገባም። ስለዚህ ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት የወጣ የእያንዳንዱ ልጅ የልደት የምስክር ወረቀትና የአባታቸው የፈቃድ ደብዳቤ፣ በሰነዶች ማረጋገጫ ጸድቀውና በእንግሊዝኛ ተተርጉመው፣ ለቪዛው ብቻ ሳይሆን በጉዞውም ላይ በእጅ ቦርሳዎ ውስጥ ይኑሩ። አባት አብሮ ስለማይሄድ ደብዳቤው በአገራችን ኤርፖርትም ሊጠየቅ ይችላል።

ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ጀምሮ ነው። እኔ የምመክርዎ ሐምሌ 10 ገደማ ተነሥታችሁ ሐምሌ 28 እንድትመለሱ ነው፤ የፍልሰታ ጾም ሳይገባ ቤታችሁ ትሆናላችሁ፣ ነሐሴ 9 ገደማ ጣሊያኖች በበዓላቸው ምክንያት ሱቃቸውን ዘግተው ከሚበተኑበት ሰሞንም ታመልጣላችሁ። ይህ ከሆነ ማመልከቻው ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ቢገባ 45ቱ ቀን ቢሞላ እንኳ ቪዛው እስከ መጋቢት ማለቂያ ይታወቃል። ከዚያ በፊት ገንዘቡ የማይመለስ ትኬት አይግዙ። ለማመልከቻው ሳይከፈል ሊሰረዝ የሚችል የሆቴል ቦታና የበረራ ማስያዣ፣ ከቀን በቀን የጉዞ መርሐ ግብር ጋር ይበቃል፤ ኤምባሲዎቹ ራሳቸው ቪዛ ሳይያዝ ትኬት እንዳይገዛ ያሳስባሉ።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ። ስድስት አገር በ18 ቀን ማለት በየሦስት ቀኑ ሻንጣ መሸከፍ ማለት ነው። ባቡሩ በሦስት ሰዓት ቢያደርስም ከሆቴል ወጥቶ፣ ጣቢያ ደርሶ፣ ተሳፍሮ፣ ወርዶ፣ አዲሱን ማደሪያ ፈልጎ እስኪገባ ድረስ ቀኑ ያልቃል። ልጆች የሚሰለቹት በዚህ መካከል ነው፤ በመጨረሻም ብራስልስንና አምስተርዳምን ከጣቢያዎቻቸው ውጭ የማያስታውሷቸው ከተሞች ያደርጓቸዋል። ስለዚህ ኔዘርላንድንና ቤልጅየምን ይተዉአቸውና አራት አገር ይያዙ፦ ፍራንክፈርት ስድስት ሌሊት፣ ፓሪስ አራት፣ ዙሪክ ሦስት፣ ሮም አምስት። በፍራንክፈርት ገብታችሁ በሮም ብትወጡ ወደ ኋላ መመለስ አይኖርም፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሁለቱም ከተሞች ስለሚበርር መሄጃና መመለሻው ልዩ ልዩ ከተማ የሆነ አንድ ትኬት መቁረጥ ይቻላል።

ከፍራንክፈርት ፓሪስ ባቡር ሳይቀይሩ አራት ሰዓት ገደማ ነው። የምትወርዱት ጋር ደ ሌስት በሚባለው ጣቢያ ሲሆን፣ የዙሪክ ባቡር የሚነሣው ግን ከሌላው፣ ከጋር ደ ሊዮን መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ፓሪስ በየአቅጣጫው የተለያዩ ትልልቅ ጣቢያዎች ስላሏት በመጡበት ጣቢያ ልሂድ ያለ ተሳፋሪ ባቡሩ ያመልጠዋል። ከፓሪስ ዙሪክም አራት ሰዓት ያህል ነው። ከዙሪክ ሚላን ሦስት ሰዓት ከሩብ፣ ከሚላን ሮም ደግሞ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ እነዚህን ሁለቱን በአንድ ቀን፣ ሚላን ላይ ከሰዓት በኋላውን ለሳን ሲሮ ትታችሁ ልትሄዱ ትችላላችሁ። ሻንጣችሁን ማዕከላዊው ጣቢያ ባለው የሻንጣ ማስቀመጫ ታኖራላችሁ።

ስዊዘርላንድ ውድ አገር ናትና ከመርሐ ግብሩ ትውጣ የሚል ሰው ይመጣብዎታል። እኔ ግን እንድትቀር አልፈልግም፤ የባቡር ጉዞ የሚታየው እዚያ ነውና። ወደ ሚላን የሚወስደው ዋናው መስመር 57 ኪሎ ሜትር በሚረዝመውና በ2016 እ.ኤ.አ. በተከፈተው የጎታርድ ዋሻ ውስጥ ያልፋል፤ በዓለም ላይ ካሉት የባቡር ዋሻዎች ሁሉ ረጅሙ ነው። ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለቱን የወረደ ልጅ ተራራን በስቶ የማለፍን ነገር ከማንም በላይ ይረዳዋል። ከዚህ ይልቅ ተራራውን ማየት ከፈለጋችሁ በላይ በኩል የሚጠማዘዘው አሮጌው መስመር ዛሬም ዘገምተኛ ባቡር ያስተናግዳል፤ በዚህ መስመር ቫሰን በምትባል መንደር ያለችው ቤተ ክርስቲያን፣ ሐዲዱ በተራራው ውስጥ እየተሽከረከረ ከፍታ ስለሚቀይር፣ ከሦስት የተለያዩ ከፍታዎች ሦስት ጊዜ ትታያለች። ልጆቹ በየትኛው ወገን ባለው መስኮት እንደምትመጣ ይጠብቋት።

ለሸዋ ልጆች ዙሪክ ሌላም ምክንያት አላት። አልፍሬድ ኢልግ የሚባለው መሐንዲስ በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ተምሮ፣ በ1879 እ.ኤ.አ. ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ አንኮበር ደርሶ ለረጅም ዓመታት አገልግሏቸዋል፤ የጅቡቲ አዲስ አበባ ምድር ባቡር ፈቃድም በ1894 እ.ኤ.አ. የተሰጠው ለእርሱ ነው። የተወለደባት ፍራውንፌልድ ከዙሪክ በባቡር አንድ ሰዓት አትሞላም። ልጆችዎ አንኮበርን አይተው ከሆነ ይህንን ታሪክ ከመነሣታችሁ በፊት ይንገሯቸው። ሮም ስትደርሱም የምትወርዱበት የተርሚኒ ጣቢያ አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ራስ አሉላ በ1887 እ.ኤ.አ. ዶጋሊ ላይ ከደመሰሱት የጣሊያን ጦር ነው፤ መታሰቢያ ሐውልቱም ከጣቢያው በእግር ጥቂት ደቂቃ ራቅ ብሎ ቆሟል። ስለዚያ ጦርነት በክፍል የተማሩ ልጆች የተሸናፊው ወገን እንዴት እንደሚያስታውሰው በዓይናቸው ቢያዩ መልካም ነው።

ስለ ፓሱ። ለእናንተ የሚሆነው ዩሬይል የሚባለው ሲሆን በ33 አገሮች ያገለግላል። ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 27 ዓመት የሆኑ ተሳፋሪዎች እስከ 25 በመቶ ቅናሽ ያገኛሉ፤ እስከ 11 ዓመት ያሉ ልጆች ከአዋቂ ጋር በነጻ ይሄዳሉ፤ እንግዲህ ሁለቱም ልጆችዎ ከፋይ ናቸው። በአንድ ወር ውስጥ አራት የጉዞ ቀን የሚሰጠው ዓይነት ከመንገዳችሁ ጋር ልክ የተስማማ ይመስላል። ነገር ግን ፓስ የያዘ ሰው የመቀመጫ ማስያዣ ለብቻው ይከፍላል፤ ይህም በፈረንሳይና በጣሊያን ፈጣን ባቡሮች፣ ድንበር ተሻጋሪ በሆኑትም ላይ ግዴታ ሲሆን ዋጋው ከ10 ዩሮ ገደማ ጀምሮ ከ30 ዩሮ የሚያልፍም አለ። ለፓስ ባለቤቶች የሚመደበው መቀመጫም የተወሰነ ስለሆነ በሐምሌ ቶሎ ያልቃል። እናንተ የመረጣችሁት መንገድ በአብዛኛው በእነዚህ ባቡሮች የሚሄድ ነው፤ ቀኖቹም ለቪዛው ሲባል አስቀድመው የተቆረጡ ናቸው። ስለዚህ ቪዛው በእጅዎ እንደገባ፣ ማለትም ከጉዞው ሦስት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ ትኬቱን ለየጉዞው ከባቡር ድርጅቶቹ ድረ ገጽ መግዛት ይሻልዎታል፤ ቀድሞ የተገዛ ትኬት ጉዞው ከደረሰ በኋላ ከሚገዛው እጅግ ይረክሳል። ፓስ የሚጠቅመው ዛሬ ወዴት እንሂድ እያለ ለሚወስን፣ በጀርመን፣ በኦስትሪያና በስዊዘርላንድ ውስጥ በየቀኑ ለሚዘዋወር ሰው ነው። በጀርመን ውስጥ ለብቻው ለምትሄዱት መንገድ፣ ለምሳሌ ካቴድራሉ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ የቆመባትን ኮሎኝን አይታችሁ ለመመለስ፣ የጀርመን ምድር ባቡር እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆችን ከአዋቂ ጋር ያለ ክፍያ ስለሚያሳፍር፣ ሴት ልጅዎ በትኬትዎ ላይ እንድትመዘገብ ያድርጉ።

ልጆቹን በዝግጅቱ ውስጥ ማስገባት ዋናው ጉዳይ ይመስለኛል፤ ባቡር የማያውቁ መሆናቸውም ለዚህ ይጠቅማል። ለወንዱ ልጅ የጊዜ ሰሌዳውን ሙሉ በሙሉ ያስረክቡት። በአውሮፓ ሰዓት የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ 24 ነው፤ በትኬቱ ላይ 13፡04 ያለው ባቡር በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 7፡04 የሚነሣ ነው። በክረምት ደግሞ የእነርሱ ሰዓት ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ልጁ ለሦስታችሁም የእያንዳንዱን ባቡር መነሻ በሁለቱም አቆጣጠር በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ ይያዝ፤ የእጅ ስልኩ ባትሪ ቢያልቅ ወረቀቱ አያልቅም። ለሴት ልጅዎ የፉርጎና የመቀመጫ ኃላፊነት ይስጧት። ትኬት ስትከፍት የባቡሩን ቁጥር፣ የፉርጎውን ቁጥርና የመቀመጫውን ቁጥር ለይታ ታውጣ። ጣቢያ ስትደርሱ በሰሌዳው ላይ የመሳፈሪያውን መስመር ቁጥር ትፈልግ፤ ጀርመኖች ግላይስ፣ ፈረንሳዮች ቩዋ፣ ጣሊያኖች ቢናሪዮ ይሉታል። በጀርመን መሳፈሪያው ርዝመቱን ተከትሎ በፊደላት ስለሚከፈል የእናንተ ፉርጎ በየትኛው ፊደል ፊት እንደሚቆም ከሰሌዳው ታነባለች፤ ባቡሩ የሚቆመው ለጥቂት ደቂቃ ስለሆነ ሻንጣ እየጎተቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ መሮጥ አይኖርም። አንዳንድ ባቡር መንገድ ላይ ለሁለት ተከፍሎ ወደ ሁለት ከተማ ስለሚሄድ የተሳሳተ ፉርጎ ውስጥ መቀመጥ ሌላ ቦታ ያወርዳል። ይህ ሥራ የልጅ ጨዋታ ሳይሆን የሚያስፈልግ ሥራ ነው፤ ልጆችም ልዩነቱን ያውቃሉ።

እያንዳንዱ ልጅ ራሱ አንሥቶ መደርደሪያ ላይ ከሚያወጣው ሻንጣ በላይ አይያዝ፤ በባቡር ሻንጣ ተቀብሎ የሚጭን የለም። ፓስፖርት በሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በሰውነት ላይ ይሁን፤ የሼንገን አገሮች ድንበራቸው ክፍት ቢሆንም ጀርመንና ፈረንሳይ በድንበራቸው ላይ ቁጥጥር መልሰው ስለጀመሩ ፖሊስ ባቡር ውስጥ ገብቶ ይጠይቃል። የጀርመን ረጅም ርቀት ባቡሮች በመዘግየት ስለሚታሙ፣ ባቡር የምትቀይሩበት ቦታ ካለ በመካከሉ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይኑር። በኅብረቱ ሕግ መሠረት ባቡሩ ከ60 ደቂቃ በላይ ከዘገየ የትኬቱን 25 በመቶ፣ ከ120 ደቂቃ በላይ ከዘገየ 50 በመቶ ማስመለስ ስለሚቻል ትኬቱን አይጣሉ።

ፓሪስ ላይ ሉቭር፣ ሮም ላይ ኮሎሲየም ከ18 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ከየትም ይምጡ በነጻ ነው፤ ሆኖም የመግቢያ ሰዓት አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል፤ ሉቭርም ማክሰኞ ዝግ ነው። በደብረ ብርሃን ብርድ ያደገ ልጅ የሮም የሐምሌ ሙቀት ይከብደዋልና የእግር ጉዞውን በማለዳ ጨርሳችሁ ቀትሩን ጥላ ስር ዕረፉ።

ስንቅን በተመለከተ ቆሎ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ ይያዙ፤ በባቡር ውስጥ መብላት ነውር አይደለም፣ የባቡሩም ምግብ ውድ ነው። እህትዎ ቅቤ ላኪልኝ ካለችዎ ግን እሺ አይበሉ። ከኅብረቱ ውጭ የሚመጣ ተሳፋሪ የሥጋና የወተት ተዋጽኦ ማስገባት ስለማይፈቀድለት ቅቤውም፣ አይቡም፣ ቋንጣውም ኤርፖርት ላይ ይወሰዳል። በርበሬና ሽሮ ይበቃታል። ለወጪ የሚሆነውን የውጭ ምንዛሪ ባንክዎ የሚሸጥልዎ ፓስፖርት፣ ቪዛና የአውሮፕላን ትኬት ሲያቀርቡ ነውና ለመጨረሻው ሳምንት አይተዉት።

ጥያቄ

የምኖረው ሸዋ ሮቢት ሲሆን፣ ባለቤቴና እኔ የ17 ዓመት ሴት ልጃችንንና የ15 ዓመት ወንድ ልጃችንን ይዘን ከቪየና ወደ ሮም እንሄዳለን። የሆቴል ወጪ ለመቆጠብ የሌሊት ባቡር ብንሳፈር ከልጆች ጋር ይመከራል? ደግሞም ልጆቹ በየከተማው ለብቻችን እንዙር ይሉናል። እኔ ፈራሁ፤ እናታቸው ግን ትፈቅዳለች።

አንድ አባት፣ ከሸዋ ሮቢት

መልስ

ከቪየና ሮም የሚሄደው የኦስትሪያ የሌሊት ባቡር ናይትጄት ይባላል፤ ለአራት ሰዎች ጥሩ ምርጫ ነው። በመቀመጫ፣ በተደራራቢ አልጋና በመኝታ ክፍል የሚሸጥ ሲሆን፣ እናንተ አራት ስለሆናችሁ ባለ አራት አልጋውን ክፍል ለራሳችሁ ብቻ ያዙ። በመቀመጫ ማደር ርካሽ ቢሆንም ልጆቹ በማግሥቱ ሮም ላይ ቀኑን ሙሉ ያንቀላፋሉ፤ የተቆጠበውም ገንዘብ ከጠፋው ቀን አይበልጥም። ክፍሉን ከውስጥ ቆልፉ፤ ፓስፖርትና ገንዘብ ከትራስ ስር ሳይሆን በልብስ ውስጥ ይሁን። እነዚህ አልጋዎች በክረምት ከወራት በፊት ስለሚያልቁ ቪዛው እንደተገኘ የመጀመሪያው ግዢ ይህ ይሁን።

ለብቻቸው ስለመዞራቸው ከባለቤትዎ ጋር እስማማለሁ፤ ግን በልክ ነው። በቀን፣ አንድ ላይ ሆነው፣ በታወቀ ሰፈር ውስጥ፣ ለሁለት ሰዓት ያህል ይዙሩ። የሚመለሱበት ቦታ ስም ያለውና በቀላሉ የሚገኝ ይሁን፤ «ጣቢያው ጋ» አይባልም፣ የትኛው በር እንደሆነ ይነገራል። እያንዳንዳቸው የሆቴሉ አድራሻ የተጻፈበት ወረቀትና ጥቂት ዩሮ በኪሳቸው ይያዙ። በአንድ የኅብረቱ አገር የተገዛ ሲም ካርድ በሌሎቹም አባል አገሮች ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሠራል፤ ስዊዘርላንድ ግን በዚህ ውስጥ ስለሌለች እዚያ ከሄዳችሁ ኢንተርኔቱን አጥፉት። የአደጋ ጊዜ ቁጥሩ በሁሉም አገር 112 ነው። የኪስ አውላቂዎች በሮምና በፓሪስ ጣቢያዎች፣ በተለይም በሜትሮ በሮች ላይ ይበዛሉና ልጆቹ ስልካቸውን በኋላ ኪሳቸው አይክተቱ።

ስለ ባቡሩ ግን አንድ ደንብ ከመነሣታችሁ በፊት ይወሰን። በር ሲዘጋ አንዱ ልጅ መሳፈሪያው ላይ ቢቀር፣ የቀረው ልጅ ከቆመበት አይነቃነቅ፤ ወላጆች በሚቀጥለው ጣቢያ ወርደው ይመለሳሉ፤ ልጁም በሚቀጥለው ባቡር ልድረስባቸው ብሎ አይሳፈር። ሁለቱም ወገን ሲፈላለግ ይተላለፋልና ይህንን ልጆቹ ቃል በቃል ይወቁት። በባቡር ውስጥም ባቡሩ ቆሞ ሳለ ለመጠጥ ግዢ መውረድ ፈጽሞ አይፈቀድ።

ጥያቄ

እኔና ባለቤቴ ጡረተኞች ነን፤ የምንኖረው መሐል ሜዳ ነው። ስዊድን ያለው ልጃችን ከ14 ዓመት የልጅ ልጃችን ጋር ከስቶክሆልም እስከ ቪየና በባቡር እንድንሄድ አስቧል። ለአራታችንም ኢንተርሬይል የሚባለውን የባቡር ፓስ ልግዛ ይላል። ለእኛ ይሆናል?

አንድ አያት፣ ከመንዝ

መልስ

አባቴ፣ ለእርስዎና ለባለቤትዎ አይሆንም፤ ኢንተርሬይል የሚሸጠው በአውሮፓ ለሚኖሩ ሰዎች ነው። ልጅዎና የልጅ ልጅዎ እርሱን ይግዙ፤ ታዳጊው ከ12 ዓመት በላይ ስለሆነ የወጣት ቅናሽ ያገኛል። እናንተ ደግሞ ዩሬይሉን ትይዛላችሁ፤ ዕድሜያችሁ 60 ከሞላ 10 በመቶ ይቀነስላችኋል። ሁለቱ ፓሶች የሚያሳፍሩት በአንድ ዓይነት ባቡር ስለሆነ አብራችሁ ከመቀመጥ የሚያግዳችሁ የለም። ልዩነቱ፣ ኢንተርሬይል የያዘ ሰው በሚኖርበት አገር ውስጥ ሊጠቀምበት የሚችለው ለአንድ መውጫና ለአንድ መግቢያ ጉዞ ብቻ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ልጅዎ ስዊድን ውስጥ ለሌላ ሽርሽር የሚሆን ትኬት ለየብቻ ይገዛል።

ከስቶክሆልም ኮፐንሃገን አምስት ሰዓት ያህል ሲሆን፣ በመጨረሻው ላይ ባቡሩ በ2000 እ.ኤ.አ. በተከፈተው የኤሬሱንድ ድልድይ ባሕሩን ይሻገራል። በስዊድን ፈጣን ባቡሮች መቀመጫ ማስያዝ ግዴታ ስለሆነ ለአራታችሁም በአንድ ጊዜ ይያዝ፤ ሁለቱ ዓይነት ፓሶች ለየብቻ ሲያስይዙ ወንበራችሁ ሊለያይ ይችላል። መንገዱን በአንድ ቀን ቪየና ለማድረስ አትሞክሩ፤ ኮፐንሃገንና ሃምቡርግ ላይ እያደራችሁ ብትሄዱ ለእናንተ ወገብም ለልጁም ይስማማል። ቪዛውን የምታመለክቱት ከልጅዎ ቤት ረዘም ላለ ጊዜ የምትሰነብቱ ከሆነ ለስዊድን ነው፤ የጋበዛችሁ ልጅዎ መሆኑንና የባቡሩን መርሐ ግብር የሚያሳየው ወረቀት ከማመልከቻው ጋር ይያያዝ።